ቅዳሜ ጠዋት ለሒሳብ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱ፣ በሻኪሶ፣ እንዲሁም በየገጠር ቀበሌው ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮች ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቅዳሜና እሑድ ስለሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ነው። ልጆች ያሏችሁ ልጆቻችሁን ጥሩና አጠገባችሁ ይቀመጡ። እርሳስና ወረቀት ብታቀርቡ መልካም ነው። ከሌለም ግድ የለም፤ ቀጭን እንጨት ይዞ መሬት ላይ መጫር ይበቃል።

የቅዳሜ ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ማጠናከሪያ የሚባለውን ነው። ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ጠዋት ይጠራሉ። መምህሩ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችን ይዞ ይገባል፣ ጥያቄውን ያነባል፣ ሰሌዳው ላይ ሠርቶ ያሳያል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሁለት ሰዓት እንዲህ ያልፋል። ይህን የሚያደርጉ መምህራንን ልነቅፍ አልመጣሁም። ከዕረፍት ቀናቸው ቆርሰው፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ክፍያ የሚያስተምሩ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ውጤቱን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ማጠናከሪያው በየትምህርት ቤቱ እየተሰጠ ነው ይህ የሆነው።

ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የክፍል መጨናነቅ አለ፣ ድርቅና ስደት አለ። ስለ ሒሳብ ትምህርት ግን አጥብቄ የማምነው አንድ ነገር አለኝ። ልጁ አምስት ቀን ሙሉ ሲነገረው ያልገባውን ነገር፣ በስድስተኛው ቀን በዚያው መንገድ ብንደግምለት አይገባውም። ቅዳሜ ሌላ ዓይነት ቀን መሆን አለበት። ልጁ አንድ ጥያቄ ተሰጥቶት፣ ሰዓት ሳይቆጠርበት የሚያስብበት፣ የሚሳሳትበት፣ ያሰበውን በአፉ የሚናገርበት ቀን መሆን አለበት። ወላጁም መምህሩም አብረውት ቢቀመጡ ደግሞ የበለጠ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሃንጋሪ ውስጥ ጅየር በምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ ዳንኤል አራኝ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1894 ለተማሪዎች የሒሳብ ጥያቄዎች የሚወጡባት ወርኃዊ መጽሔት አቋቋመ። ልጆች ጥያቄዎቹን ቤታቸው ሆነው ጊዜ ወስደው ይሠራሉ፣ መልሳቸውን በፖስታ ይልካሉ፣ ጥሩ የሠራው ልጅ አሠራሩ በስሙ ይታተማል። ከዓመታት በኋላ በሒሳብ ዓለም ስሙ የገነነው ፖል ኤርደሽ በልጅነቱ ለዚህች መጽሔት መልስ ከሚልኩት አንዱ ነበር። በሶቪየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስበው የሒሳብ ክበብ ያቋቁሙ ነበር። ያ የሃንጋሪ መምህር ይህን የጀመረው በዋና ከተማ ተቀምጦ እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ። በእጁ የነበረው ጥሩ ጥያቄና የፖስታ አገልግሎት ነው። ነገሌ ላይ ያለ መምህርም ጥሩ ጥያቄ አያጣም። እንዲያውም እዚህ ቆላው ውስጥ ያለው ጥያቄ ከመጽሐፉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እስቲ አንዱን አብረን እንሥራ።

የቦረናን ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የማያውቅ አድማጭ የለንም። ዘጠኙ ቱላ የሚባሉት፣ ዱብሉቅን የመሰሉት፣ ለብዙ ትውልድ ከብት ያጠጡ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ኦኮሌ የሚባለውን የውኃ መቅጃ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ወደ ገንዳው ያወጡታል። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል የሚለውን የሚያስጠብቅ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ተራ ከተዛባ ጠብ ነው፣ ከብትም ይጠማል። ስለዚህ ሒሳቡ መሳሳት የለበትም።

ጥያቄያችን ይህ ነው። የአንድ ቤተሰብ ከብቶች በየ3 ቀኑ ይጠጣሉ። የሌላው ቤተሰብ ፍየሎች በየ4 ቀኑ ይጠጣሉ። ዛሬ ሁለቱም ጉድጓዱ ላይ ተገናኝተዋል። እንደገና የሚገናኙት ከስንት ቀን በኋላ ነው?

የቅዳሜውን ክፍል በሐሳባችሁ ተመልከቱት። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ተቀላቅለው ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ሁለት ሦስት አባቶችና እናቶች አሉ። ገና ጥያቄው እንደተነበበ አንድ አባት እጃቸውን ያነሳሉ። «በየሦስት ቀኑ ስትል ዛሬ ጠጥተው፣ ሁለት ቀን ውለው፣ በሦስተኛው ነው? ወይስ ሦስት ቀን ሙሉ ውለው በአራተኛው?» ይላሉ። መምህሩ ይህን አላሰበበትም ነበር። እንግዲህ አድማጮቼ፣ ጥያቄን በትክክል መረዳት የሒሳብ ግማሹ ነው፤ ይህን ደግሞ ለክፍሉ ያስተማሩት እኚህ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ አባት ናቸው። ክፍሉ ይነጋገርና ይስማማል፤ ዛሬ ከጠጡ ቀጣዩ በሦስተኛው ቀን ነው ብለን እንያዝ።

አንድ ልጅ ቶሎ ብሎ «12» ይላል። ትክክል ነው። መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ አያልፍም፤ «ለምን 12?» ይለዋል። «3ን በ4 አባዛሁት።» «ለምን አባዛህ?» ልጁ መልስ የለውም። ሌላ ልጅም የለውም። ብዙ ክፍሎች እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት፤ መልሱ ተገኝቷልና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይኬዳል። የቅዳሜው ክፍል ግን ከዚህ ነው የሚጀምረው።

መምህሩ ከብቶቹን ይተውና ግመሎችን ያመጣል። ፍየሎቹ በየ4 ቀኑ፣ ግመሎቹ በየ10 ቀኑ ይጠጡ እንበል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «40!» ይላሉ። መምህሩ ተሳስታችኋል አይልም። «እስቲ ውጡና መሬት ላይ ጫሩት» ይላቸዋል። ጓሮ ይወጣሉ፣ ረጅም መስመር ያሰምራሉ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጭረት። ፍየሎቹ በሚጠጡበት ቀን ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20። ግመሎቹ በሚጠጡበት ቀን ፍልጥ እንጨት ያስቀምጣሉ፤ 10፣ ከዚያ 20። ጠጠሩና እንጨቱ 20ኛው ጭረት ላይ ይገናኛሉ። አንዲት ልጅ «40 ላይም እኮ ይገናኛሉ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይገናኛሉ፤ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ታዲያ 3ና 4 ሲሆን ማባዛቱ ያወጣን፣ 4ና 10 ሲሆን ለምን አላወጣንም?

አድማጮቼ፣ ትምህርቱ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ልጆቹ ሌሎች ቁጥሮችን ይሞክራሉ። 3ና 5 ይሞክራሉ፣ 15 ይሆናል። 6ና 4 ይሞክራሉ፣ 12 እንጂ 24 አይሆንም። ቀስ በቀስ አንዱ ልጅ ያየዋል፤ 4ም 10ም ለ2 ይካፈላሉ፣ ሁለቱ የሚጋሩት ነገር አላቸው፤ 3ና 4 ግን ከ1 በቀር የሚጋሩት የለም። «ትንሹ የጋራ ብዜት» የሚለውን ስም መምህሩ የሚነግራቸው ይኼኔ ነው። ልጆቹ ነገሩን አስቀድመው በእጃቸው ስለሠሩት፣ ስሙ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ይህ አንድ ጥያቄ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ። ቅዳሜ ምዕራፍ የሚጨረስበት ቀን አይደለም።

ከፍ ላሉት፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ የዘመን አቆጣጠር አለ። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እየተከታተሉ ወርና ቀን ይለያሉ። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወር ነው፤ ወደ 354 ቀን ይሆናል። የቀኖቹ ስሞች ደግሞ 27 ናቸው፤ 27ቱ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይቀጠላል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አቆጣጠር ለውጭው ዓለም ገልጸውታል። ዓመቱን 354 ቀን ብለን ብንይዝና ለ27 ብናካፍለው፣ 13 ጊዜ ይደርስና 3 ይቀራል። ይህ ቀሪው 3 ምን ይነግረናል? ዘንድሮ ዓመቱ በአንደኛው የቀን ስም ከጀመረ፣ የሚመጣው ዓመት በአራተኛው ስም ይጀምራል፣ ተከታዩ በሰባተኛው። ወደ አንደኛው ስም የሚመለሰው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ልጆቹ ይሥሩት፤ 9 ያገኛሉ። እውነተኛው የጨረቃ ዓመት ከ354 ቀን ጥቂት ሰዓታት ስለሚበልጥ አያንቱዎቹ ሰማዩን እያዩ ያስተካክላሉ። በአካባቢያችሁ አያንቱ የሆኑ አባት ካሉ ጠይቃችሁ አንድ ቅዳሜ ጋብዟቸው። ልጆች ይጠይቋቸው።

ይኸው ቀሪ የሚባለው ነገር በእንቁጣጣሽም አለ። 365 ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል። በ2017 ረቡዕ ነበር፣ በ2018 ሐሙስ ሆነ፣ በ2019 ዓርብ ይውላል። በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የ2020 እንቁጣጣሽ ቅዳሜን ዘሎ እሑድ ይሆናል።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። «እኔ ሳልማር እንዴት ልጄን ሒሳብ አስተምራለሁ?» የሚሉ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። አስተምሩ አልላችሁም። መጥታችሁ ተቀመጡ፣ ልጁ የሠራውን ያስረዳችሁ፣ ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» በሉት። ልጅ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ነው ራሱ የሚገባው። ደግሞ የምታውቁት ነገር ብዙ ነው። ሞያሌ ላይ ሱቅ ያላት እናት በአንድ ቀን ውስጥ በብርም በኬንያ ሽልንግም ትሸጣለች፣ መልስም ትሰጣለች። ሻኪሶ ላይ ወርቅ የሚመዝን ሰው ግራምና ዋጋን በቃሉ ያሰላል። ይህን ወደ ክፍል ይዛችሁ ግቡ።

ሒሳቡ ለራሳችሁም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለቦረና አርብቶ አደሮች የከብት መድን ሲሸጥ ቆይቷል፤ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር የጀመረው ነው። ይህ መድን የሞተውን ከብት ቆጥሮ አይከፍልም፤ ሳተላይት ከላይ የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፣ ልምላሜው ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ክፍያ ይኖራል። መቶኛ ያልገባው ሰው ይህን ውል እንዴት ይመዝነዋል? ለምን እንደተከፈለው፣ ለምን እንዳልተከፈለው እንዴት ይረዳል? እስቲ ቅዳሜ አባትና ልጅ አብረው ይሥሩት። ከ100 ብር ላይ 8 ብር አረቦን ቢሆን፣ ለአንዲት 30,000 ብር ለምታወጣ ላም ስንት ይከፈላል? 2,400 ብር። ዋጋዋ ቢጨምርስ? ልጁ እርሳሱን ይዞ፣ አባት ስለ ላሚቱ እየተናገሩ የሚሠራ ሒሳብ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው መክሸፋቸውን የረሳ የለም። ስንት ከብት አለቀ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ተነስቶ ከከብቱ ጋር ተሰደደ። የተመለሱት ልጆች ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። የ13 ዓመት ልጅ ከ9 ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል። ቅዳሜ የክፍል ደረጃ ሳይጠየቅ ሁሉም ተቀላቅሎ የሚቀመጥበት ቢሆን፣ ይህ ልጅ ስለ ጉድጓድና ስለ ግመል ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የቅዳሜው ክፍል ፈተና አይኑረው፣ ደረጃ አይውጣበት፣ አለንጋም አይግባበት።

ለመምህራን ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የምትፈሩትን አውቃለሁ፤ «መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ቢነሳብኝስ?» ትላላችሁ። ይነሳ። «አላውቅም፣ አብረን እንየው» የሚል መምህር በተማሪዎቹ ፊት አይዋረድም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የሒሳብ ተቋም የጀመረው የመምህራን የሒሳብ ክበብ አለ። በዚህ ክበብ መምህራን እንደ ተማሪ ተቀምጠው የማያውቁትን ጥያቄ ይሠራሉ፤ ስለ ማስተማር ዘዴ ከመነጋገራቸው በፊት ራሳቸው ሒሳብ ይሠራሉ። እኛም የጉድኝት ማዕከል አለን። በወር አንድ ቅዳሜ የጉድኝቱ የሒሳብ መምህራን ተሰብስባችሁ፣ ሪፖርት ሳትሞሉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትሠሩ ብዙ ይለወጣል።

የቋንቋውን ነገርም አስቡበት። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ፣ ወደ ሶማሌ ክልል ስንሻገር በሶማልኛ ሲማር ይቆይና 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ቃሉ ስለጠፋው ብቻ ሐሳቡ የሌለው ይመስለናል። ቅዳሜ በፈለገው ቋንቋ ያስረዳ፤ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም ይሁን። የእንግሊዝኛው ቃል ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ ይጨመራል፤ ለ8ኛ ክፍል ልጆች እንዲያውም ቅዳሜ ላይ ቀስ እያሉ ቢለምዱት ለ9ኛ ክፍል ስንቅ ይሆናቸዋል።

ሌላ በግልጽ መናገር ያለብኝ ስለ ሴት ልጆች ነው። ቅዳሜ ለወንድ ልጅ የዕረፍት ቀን ቢሆንም ለሴት ልጅ አይደለም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ነው፣ ቤት የሚጸዳው ቅዳሜ ነው፣ ጀሪካን ተሸክማ ውኃ ፍለጋ የምትሄደውም እሷ ናት። ክፍሉን ከከፈትን በኋላ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ካገኘን ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። እናቶች፣ አባቶች፣ ያን ሁለት ሰዓት ለልጃችሁ ልቀቁላት፤ ጀሪካኑን ያን ቀን ወንድሟ ይያዘው። መምህራንም ሰዓቱን ስትወስኑ ሴት ልጆቹን ጠይቃችሁ ወስኑ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ፀሐዩም ሳይበረታ ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ውኃ የሚቀዳው በዚያ ሰዓት በሆነበት ቦታ ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን።

በአገራችን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ተጀምሯል። ስቴም ፓወር የተባለው ድርጅት በቢሾፍቱ ፎቃ ከተባለው ማዕከል ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የሳይንስና የሒሳብ ማዕከላትን ሲያቋቁም ቆይቷል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲውን የመሳሰሉት በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም የትምህርት ቤት ልጆችን ያስተናግዳሉ። በእኛ በኩል ያቤሎ ላይ የቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የሒሳብ ተማሪዎቻቸውና መምህሮቻቸው በወር አንድ ቀን ወደ ሜጋ፣ ወደ ሞያሌ፣ ወደ ነገሌ ብቅ ቢሉ ትልቅ ነገር ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነውና ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቋቸው። እስኪመጡ ግን አትጠብቁ። ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተርም ቤተ ሙከራም አያስፈልግም።

የሳምንቱን ጥያቄ ልስጣችሁ። ከብቶቹ በየ3 ቀኑ፣ ፍየሎቹ በየ4 ቀኑ፣ ግመሎቹ በየ10 ቀኑ ይጠጣሉ። ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ ጉድጓዱ ላይ ተገናኙ። ሦስቱ እንደገና አንድ ላይ የሚገናኙት ከስንት ቀን በኋላ ነው? ያ ቀን ከሳምንቱ ቀኖች የትኛው ይሆናል? ዛሬ ያየናቸው ሁለቱም ነገሮች፣ የጋራ ብዜቱም ቀሪውም፣ ያስፈልጓችኋል። መልሱን እስከ ሳምንት ድረስ አልናገርም። ልጆች፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኛችሁት ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ አስረዱ።

በመጨረሻም የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ ይህ ልመና ለእናንተ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ክፈቱ፤ አንድ ብቻ። ሁለት ጠመኔና ፈቃደኛ የሆነ አንድ መምህር ይኑር፤ ወላጆችንም በስም ጥሩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚመጡት አምስት ልጆች ብቻ ቢሆኑ እንኳ ክፍሉን አትዝጉት፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ክፈቱት።